ቆሞ የሚውል የጄነሬተር ባትሪ፦ ሳይሞላም ሞተ፣ እየተሞላም ሞተ

ጥያቄ ("የሳቢያን ክሊኒክ"፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የአስተዳደር ሥራ እሠራለሁ። የኤሌክትሪክ ሙያ የለኝም፤ ነገር ግን ጄነሬተሩ አልነሳም ባለ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለእኔ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ ከመቀመጥ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወስኛለሁ።

ጄነሬተራችን በናፍጣ የሚሠራ ባለ 30 ኬቪኤ ነው። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚያስነሳው፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ አለው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ የሚያዞርለት አንድ ባለ 12 ቮልት፣ አቅሙ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው። ቀደም ሲል በየሳምንቱ ይነሳ ነበር፤ አሁን ግን በእኛ ሠፈር መብራት ስለማይቆራረጥ አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ሳይነሳ ይቆያል። እኛም ባትሪው አረፈ ብለን ደስ ብሎን ነበር።

የመጀመሪያው ባትሪ አዲስ ሆኖ ተገዝቶ ስምንት ወር ብቻ አገለገለ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ጥበቃው ደውሎ "ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል እንጂ አይዞርም" አለኝ። እኔ እስክደርስ ድረስ አዋላጇ በስልክ መብራት ትሠራ ነበር። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበትና የእሱም ነገር ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ። በመጨረሻ ከአንድ ፒክአፕ መኪና ባትሪ በኬብል አገናኝተን አስነሳነው። በማግስቱ ባትሪው ጋራዥ ተወስዶ ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ተመለሰ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን እንደገና ሞተ። የነገሩኝ ነገር "ባትሪው አስመስሎ የተሠራ ነው፤ አታለሏችሁ" የሚል ነበር።

ሁለተኛውን ባትሪ ስንገዛ፣ ያው ነገር እንዳይደገም አንድ ባለሙያ ቻርጀር ግድግዳ ላይ አሰረልንና "ከሶኬት እንዳይነቀል፤ ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ይሆናል" አለን። ለአምስት ወር ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ የጄነሬተሩ ክፍል የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይሸት ጀመር፤ የፍሳሽ መስመር የፈነዳ መስሎኝ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠርቼ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጥበቃው ወስዶ ባትሪውን አሳየኝ፤ ጎኖቹ ተነፍተዋል፣ የክዳኖቹ ዙሪያ እርጥብ ነው፣ ኬብሎቹ በሚታሰሩባቸው ራሶቹ ላይም አረንጓዴና ነጭ ዱቄት በቅሏል።

አሁን የተገጠመው ሦስተኛው ነው፤ ሦስት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያው ሳይሞላ ሞተ፣ ሁለተኛው እየተሞላ ሞተ፤ እኔም ሁለቱንም ፈርቼ ቻርጀሩን አስነቅዬ ተቀምጫለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጄነሬተሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለ20 ደቂቃ ያህል ሠርቷል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቅር ወይስ ይነቀል? በየወሩ ጄነሬተሩን ማስነሳት ብቻውን ባትሪውን ለመሙላት ይበቃል? ባትሪው ደህና መሆኑንስ ሌሊት መብራት ከመጥፋቱ በፊት በምን አውቃለሁ?

መልስ ("የድሬ ኤሌክትሪሺያን")

እህቴ፣ ጥያቄሽን በዚህ ዝርዝር መጻፍሽ ሥራውን ግማሽ አቅልሎታል። በድሬዳዋ ጄነሬተር በመጠገን ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ "አልነሳም" ተብዬ ከተጠራሁባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ ችግራቸው ከሞተሩ ሳይሆን ከባትሪው ነው። ሁለቱ ባትሪዎችሽ የሞቱት በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ስለሆነ ለየብቻ ልያቸው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ቆሞ የሚውል ባትሪ ያረፈ ይመስላል እንጂ አያርፍም። አንደኛ፣ ምንም ባይነካው እንኳ በውስጡ ባለው ኬሚካላዊ ሥራ የተነሳ ከወር ወር ይጎድላል። ደህና የሚባል አዲስ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት በወር ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ያህል ያጣል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ጉድለት በግምት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ግን ከዚህ በጣም የሚበልጥ ነው፤ በራሱ የሚያስነሳው መቆጣጠሪያ ቀንም ሌሊትም ነቅቶ መብራቱን ይጠብቃል፣ የሚጠብቀውም ከዚሁ ባትሪ እየበላ ነው። የሚበላው 0.1 አምፒር ብቻ ነው እንበል፤ በ24 ሰዓት 2.4፣ በ30 ቀን ደግሞ 72 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ያንቺ ባትሪ መቶ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከቆመ ግማሹ አልቋል፤ ያ ጋራዥ ሞልቶ የመለሰው ባትሪ በሦስት ሳምንቱ የወደቀውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ባትሪው አስመስሎ የተሠራ ነው የተባለውን እኔ አልቀበለውም።

ባትሪ ጎድሎ በቆየ ቁጥር ደግሞ ከጉድለቱ ሌላ ጉዳት ይደርስበታል። ኃይል ሲወጣ በባትሪው ውስጥ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ቶሎ ከተሞላ መልሶ ይሟሟል፣ ለሳምንታት ከቆየ ግን ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ የተጋገረበት የሰሌዳ ክፍል ሥራ አይሠራም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ባትሪ ጋራዥ አድሮ ሲመለስ ቮልቴጁ ሙሉ መስሎ የሚታየው፣ አቅሙ ግን የቀድሞው ያልሆነው።

ሁለተኛው ባትሪ በሌላ በሽታ ነው የሞተው። ግድግዳ ላይ የታሰረላችሁ ቻርጀር ሲሞላ የማይቀንስ ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ። ባትሪ ሲሞላ ወደ 14.4 ቮልት መውጣቱ ትክክል ነው፤ ከሞላ በኋላ ግን ቻርጀሩ ራሱን ቀንሶ፣ የሚጎድለውን ብቻ እየተካ መጠበቅ አለበት። ይህ ደረጃ በቻርጀሮች ላይ "ፍሎት" ተብሎ ይጻፋል፤ በ25 ዲግሪ ከ13.2 እስከ 13.8 ቮልት ባለው መካከል ነው፣ እኔ 13.5 ላይ አደርገዋለሁ። ሳይቀንስ በ14 ከምናምን ከቀጠለ ትርፉ ኃይል ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበትነዋል፤ ውሃው ይጎድላል፣ ሰሌዳዎቹ ይራቆታሉ፣ ባትሪው ይግላል፣ ይነፋል። የእንቁላሉ ሽታ የመጣውም ባትሪ ከልክ በላይ ተሞልቶ ሲግል ከአሲዱ ከሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ይህን ሽታ እንደገና የሸተተ ማንም ሰው ክፍሉን አየር ያስገባለት፤ ቻርጀሩን ይንቀል፤ ክብሪትም ሆነ ሲጋራ አይለኩስ። ሃይድሮጅን በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል፣ ሲፈነዳም አሲዱን ፊት ላይ ይረጨዋል።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ነገር ይጨመራል፤ ይህን ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ አይነግራችሁም። የፍሎት መጠን የተጻፈው ለ25 ዲግሪ ነው። የእኛ ከተማ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጄነሬተር ክፍል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሙቀቱ ከ25 በላይ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚያስፈልገው ፍሎት ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት መቀነስ አለበት። የባትሪ ዕድሜም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ያህል ያጥራል፤ በቀዝቃዛ ቦታ አምስት ዓመት የሚያገለግለው እዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ቢያገለግል ማንም አላታለላችሁም ማለት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ መኖር አለበት፤ ግን ያኛው ቻርጀር አይደለም። መቆጣጠሪያው ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲጠብቅ እስከፈለጋችሁ ድረስ የሚበላውን ሁልጊዜ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ ሌላ አማራጭ የለም። ባትሪውን ነቅሎ ማስቀመጥ ሰው በእጁ ለሚያስነሳው ጄነሬተር ይሆናል፣ ለክሊኒክ ግን አይሆንም።

በየወሩ ማስነሳት ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሞተሪኖው ሲዞር 200 አምፒር ለ5 ሰከንድ ቢወስድ እንኳ የሚያጠፋው ከ0.3 አምፒር ሰዓት ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ያንን በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል። ወር ሙሉ መቆጣጠሪያው የበላውን 72 አምፒር ሰዓት ግን በግማሽ ሰዓት ሊመልስ አይችልም፤ የባትሪው የመጨረሻ አምስተኛ ክፍል ብቻውን ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል። ይህ ማለት ግን በየወሩ አታስነሱት ማለት አይደለም፤ ለሞተሩ ሲባል ማስነሳት ግዴታ ነው። ኤንኤፍፒኤ 110 የተባለው የአሜሪካ የመጠባበቂያ ኃይል ደረጃ በየወሩ ለ30 ደቂቃ፣ ቢያንስ ከአቅሙ 30 በመቶ ተጭኖበት እንዲሠራ ያዛል። ያንቺ 30 ኬቪኤ ወደ 24 ኪሎዋት ስለሆነ ከ7 ኪሎዋት በላይ ማለት ነው፤ መቀቀያውን፣ ኤሲዎቹንና የውሃ ፓምፑን አብራችሁ አስነሱት እንጂ ባዶውን አታስጩኹት። ባዶውን የሚሠራ ናፍጣ ሞተር በደንብ ስለማይግል ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት በጭስ ማውጫው ይከማችበታል።

አሁን ሦስት ልኬቶችን ብታመጪልኝ ከግምት እንወጣለን። ቮልትና አምፒር የሚለካው መልቲሜትር እዚሁ ታይዋን ገበያም ይገኛል፤ ልኬቱን ግን የክሊኒኩ ኤሌክትሪሺያን ይውሰደው። መጀመሪያ ባትሪው ሳይሞላ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ በሁለቱ ራሶች መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ቀርቶታል ማለት ነው። ሁለተኛው መቆጣጠሪያው የሚበላው አምፒር ነው። ሦስተኛው ቻርጀሩ ተሰክቶ አድሮ በማግስቱ የሚያሳየው ቮልቴጅ ነው። አደራ የምለው፣ ማንም እጁን ወደ ባትሪው ከማስገባቱ በፊት መቆጣጠሪያው ከአውቶማቲክ ወደ ማጥፊያው ይዙር። አለዚያ መብራት በጠፋ ቅጽበት ጄነሬተሩ በራሱ ይነሳና ፋኑ እጅ ይቆርጣል፤ አምፒር ሲለካ ከተነሳ ደግሞ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። ሲፈታ ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎ መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ የሚታሰረው እሱው ነው።

መልስ ("ሸንኮር"፣ ሐረር)

የድሬው ወንድማችን የጻፈውን ሁሉ አጸናለሁ። እኔ ሐረር በአንድ ሆቴል ጥገና ላይ ነኝ፤ ተመሳሳይ ሥራ ያላት ሌላ ቤት ደግሞ ድሬዳዋ ስላለችን የደንገጎን ቁልቁለት በየወሩ እወርዳለሁ። በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ቻርጀር፣ በአንድ ቀን ተገዝቶ፣ በ13.6 ቮልት ተስተካክሎ ተገጠመ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የክፍሉ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 አያልፍም፤ ባትሪው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ውሃ የምጨምርለትም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የድሬዳዋው ግን በየስድስት ሳምንቱ ክዳኑን ስከፍት ሰሌዳዎቹ ሊራቆቱ ደርሰው አገኛቸው ነበር። ምክንያቱን ሳላውቅ ባትሪውን ስረግም ከርሜ፣ ወደ 13.2 ዝቅ ካደረግሁት በኋላ ነው ውሃ መጠጣቱን የተወው።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበት። የቧንቧ ውሃ፣ በተለይ የድሬዳዋው፣ ማዕድን ስላለው ለማንቆርቆሪያም ነጭ ድንጋይ ያበጃል፤ ለባትሪማ እንዴት ይሆናል? አሲድም አይጨመር፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ በውስጡ አለ። የሚጨመረውም ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው፤ ጎድሎ ሳለ አፍ እስኪደርስ ከተሞላ ሲሞላ ፈሳሹ ስለሚነሳ ይፈስሳል። ሰሌዳዎቹ ተራቁተው ከተገኙ ግን ሳይሞላ በፊት እነሱን እስኪሸፍን ድረስ ብቻ ይጨመርለት።

ሁለት ሌሎች ነገሮች ልጨምር። የእኛ ጄነሬተር ባለ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘውበታል። አንዱ ሲሞት እሱን ብቻ ቀየርን፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተጣምሮ ዓመት ሳይሞላው ተከተለው። ቻርጀሩ የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው፤ ደካማው ሲያንስ ሌላው ያለ ልኩ ይሞላል። ባለ ሁለት ባትሪ የሆናችሁ ለየብቻ ለኩ፤ ስትቀይሩም ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

ሌላው የቻርጀሩ ሶኬት ነው። አንድ ጊዜ ባትሪው በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞቶ ምክንያቱ ጠፍቶን ነበር። በመጨረሻ የተገኘው፣ የሌሊት ተረኛው ስልኩን ለመሙላት ቻርጀሩን እየነቀለ፣ ጠዋት መልሶ መሰካቱን እየረሳ እንደሆነ ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ በክፍሉ ያለው ሶኬት ያ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቻርጀሩን በራሱ ብሬከር በቀጥታ አስገብተን ለተረኛው ሌላ ሶኬት አበጀንለት። መስመሩንም መብራትም ሆነ ጄነሬተር ሲኖር ኃይል ከሚያገኘው የብሬከር ሳጥን ብትወስዱት ጥሩ ነው።

("የሳቢያን ክሊኒክ")

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልኬቶቹን እኔም ቆሜ አየሁ፤ ኤሌክትሪሺያናችን ሲለካ እኔ እጽፍ ነበር። መቆጣጠሪያውን እንዳላችሁት አጥፍተን ነው የጀመርነው።

ባትሪው ቻርጀር ሳይነካው ሦስት ሳምንት ቆይቶ 12.18 ቮልት አሳየ። አዲስ ባትሪ መሆኑን ሳስብ ደነገጥኩ። መቆጣጠሪያው የሚበላው 0.11 አምፒር ነው። በወረቀት ሳባዛው በቀን 2.64፣ በ21 ቀን 55 አምፒር ሰዓት ሆነ፤ የተነገረኝ ስሌት ከቮልቴጁ ጋር መግጠሙ ገረመኝ። ቻርጀሩን ጠዋት ሰክተን በማግስቱ ጠዋት ስንለካ 14.7 ቮልት ላይ ነበር፤ ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉ ከባትሪው ውስጥ ድስት ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ወዲያው አስነቀልኩት። የክፍሉን ሙቀት በክትባት ቴርሞሜትር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለካሁት፤ 39 ዲግሪ ነው።

አንድ ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ባትሪው የተቀመጠው የጭስ ማውጫው ባለበት ጎን ነው፤ ጄነሬተሩ ሲሠራ ባትሪውን በእጅ መንካት ያቃጥላል። ከሥሩ ሳንቃ ተደርጎለታል፤ የድሮው ሠራተኛ "ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ኃይሉን መሬት ይጠጣዋል" ብሎ ነው። ይህ እውነት ነው? አዲስ ቻርጀር ስገዛስ ሻጩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ ("የድሬ ኤሌክትሪሺያን")

ልኬቱ ሁሉንም ነገር ተናግሯል። ሦስተኛውን ባትሪ በጊዜ ነው የደረስሽበት፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነው የተፈጠረው ሰልፌት ገና አልጠጠረም። አሁኑኑ ቀስ ብሎ ይሞላ፤ ለ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ10 አምፒር ያልበለጠ ቻርጀር ይሁን፣ ሰው አጠገቡ እያለ፣ በሩም ተከፍቶ። ከሞላ በኋላ ሌሊቱን ከሁሉም ተፈትቶ ይደርና ጠዋት 12.6 ላይ ከተገኘ ድኗል።

አዲሱን ቻርጀር ስትገዢ ሻጩን የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው። ባትሪው ሲሞላ በራሱ ወደ ፍሎት ይወርዳል? የፍሎቱን መጠን ማስተካከል ይቻላል? የሙቀት መለኪያ ገመድ አለው? ሦስተኛው ያለው ዋጋው ከፍ ይላል፤ በድሬዳዋ ግን የሚከፈልበት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ጠዋትና ከሰዓት፣ ታኅሣሥና ሰኔ የክፍሉ ሙቀት በጣም ይለያያል፤ መለኪያው ያለው ቻርጀር ፍሎቱን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። መለኪያው የሚለጠፈው በባትሪው ጎን ላይ ነው እንጂ በግድግዳው ላይ አይደለም። የሌለው ከሆነ በ39 ዲግሪ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ25 በላይ 14 ዲግሪ፣ በዲግሪ 0.024 ቮልት ብንወስድ 0.34 ይቀነሳል፤ ከ13.5 ላይ ሲነሳ 13.2 አካባቢ ይሆናል። ሸንኮር በልምድ የደረሰበት ቁጥር ይኸው ነው። የቻርጀሩ አቅም ከ5 እስከ 10 አምፒር ቢሆን ለእናንተ ይበቃል።

ከጭስ ማውጫው ጎን ግን አንሱት፤ ከቻርጀሩ ቀጥሎ የምትሠሩት ይህን ነው። ወደ ሌላው ጎን፣ ንጹሕ አየር ወደሚገባበት በኩል ይዛወር። በዚህ ጊዜ ኬብሉ ይረዝማልና የቀድሞውን ቀጭን ኬብል በሌላ ቁራጭ እንዳይቀጥሉት፤ ሞተሪኖው ከ200 አምፒር በላይ ስለሚስብ በረዘመ ኬብል ላይ ቮልቴጁ በመንገድ ይቀራል። ወፈር ያለ፣ ቅጥል የሌለው ኬብል ይታዘዝ። ክፍሉም አየር መውጫ ይበጅለት፤ የራዲያተሩ ትኩስ አየር ወደ ውጭ እንጂ ተመልሶ ወደ ክፍሉ እንዳይዞር።

የሳንቃው ነገር የድሮ ወሬ ነው ልበል፤ ጥንት የባትሪ ሳጥን ከእንጨትና ከጎማ ሲሠራ እርጥበት ያሳልፍ ስለነበር መነሻ አለው። የዛሬው የፕላስቲክ ሳጥን ለሲሚንቶ ምንም አይሰጥም። ሳንቃውን ግን አታንሱት፤ ውሃ ቢገባ ከፍ ያደርገዋል። ኃይሉን በእውነት የሚጠጣው ከላይ ያለው አቧራ ነው፤ የድሬዳዋ አቧራ ከአሲድ እርጥበት ጋር ተደባልቆ በሁለቱ ራሶች መካከል መንገድ ይሠራል። በየወሩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በራሶቹ ላይ የበቀለው ዱቄት በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይታጠብ፣ ክዳኖቹ ተዘግተው፤ ጠብታ ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል። ከደረቀና በደንብ ከታሰረ በኋላ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ይቀባ።

"ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ" ላልሽው፣ የቆመ ባትሪ ቮልቴጅ ብቻውን ያታልላል፤ ያረጀ ባትሪም 12.6 ያሳያል። እውነቱ የሚታየው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። በየወሩ ስታስነሱት አንድ ሰው መልቲሜትሩን በባትሪው ራሶች ላይ ይዞ በዚያች ቅጽበት የሚወርድበትን ዝቅተኛ ቁጥር ያንብብ። ጤነኛ ባትሪ ከ10 በላይ ይቆያል። ከ9.6 በታች ከወረደ ቢነሳም እንኳ ይቀየር፤ ከዚያ የሚቀጥለው ያ ጠቅ ጠቅታ ነው። ቁጥሩን ጻፉት፤ በየወሩ እየወረደ ከሄደ ወራት ቀድሞ ይነግራችኋል።

የተነፋውን ባትሪ ማንም እንዳይሞክረው፣ አሲዱንም ማንም ወደ ቦይ እንዳይደፋው፤ ዝናብ ሲመጣ ማረፊያው የደቻቱ ወንዝ ነው። ሳይከፈት፣ ቆሞ፣ እርሳሱን በሥርዓት መልሶ ለሚሠራ አካል ይሰጥ።

("የሳቢያን ክሊኒክ")

ከሁለት ወር በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ባትሪው ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.66 ላይ ተገኘ። የሙቀት መለኪያ ያለው ባለ 8 አምፒር ቻርጀር አገኘን፤ ከሶኬት ይልቅ በራሱ ብሬከር ገባ፤ ጥበቃውም የራሱን ሶኬት አገኘ። ባትሪው ወደ በሩ በኩል ተዛውሯል፣ ኬብሉም ተቀይሯል።

ከባትሪው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ካርድ ለጥፌ በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥበቃውና ኤሌክትሪሺያኑ ይሞሉታል። የመጀመሪያው ወር፦ ፍሎት 13.2፣ የክፍሉ ሙቀት 37፣ ሲነሳ የወረደበት 10.8። ሁለተኛው ወር፦ ፍሎት 13.2፣ ሙቀት 36፣ ሲነሳ 10.8። ክዳኖቹን ከፍተን አይተን ውሃው አልጎደለም፤ ሽታም የለም። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የሰማሁት ጠዋት ሥራ ስገባ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ካርዱ ላይ የሚወርደው ቁጥር በስንት ሲቀንስ ነው አዲስ ባትሪ ለመግዛት በጀት የምጠይቀው? የእኛ ግዢ ወር ይፈጃል።

መልስ ("የድሬ ኤሌክትሪሺያን")

ወር የሚፈጅ ከሆነ 10.2 ላይ ሲደርስ ጠይቂ፤ 9.6ን አትጠብቂ። ቁጥሩ ምንም ባይወርድም እንኳ በዚህ ሙቀት ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላው በጀቱ ውስጥ ይግባ። አዲሱ ሲመጣ ከመቀበላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይለካ፤ ከ12.4 በታች ያሳየ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ጎድሎ የከረመ ስለሆነ ስሙ ምንም ይሁን አትውሰዱት። የተሠራበትንም ቀን በሳጥኑ ላይ ፈልጉት።